ስድስተኛውን ተይልኝ

«ሬሳው ፍሪጅ ውስጥ ተኝቶ ሠልስት አይቆጠርም» አሉ ጋሽ ሳህሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንቆጥር ነው የከረምነው?» አለች እትዬ አልታየሽ፤ ከትልቁ የሻይ ማፍያ ሥር ጎንበስ ብላ ብርጭቆ እየሞላች።

ክርክሩ ከጠዋት ጀምሮ አልበረደም። አይፈረድባቸውም፤ ለሁሉም አዲስ ነገር ነው። ንዋይ የሞተው ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ነው። አርችዌይ ሊወርድ አንድ ፌርማታ ሲቀረው ባሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች። አገር ቤት ቢሆን በማግሥቱ አፈር ይለብስ ነበር። ለንደን ግን ሐኪም ይፈርም፣ መርማሪ ይየው፣ መቃብር ይገኝ እየተባለ ቀብሩ ለሚመጣው ሳምንት ተቀጠረ። ሐበሻ ደግሞ ሰው ሞተ ሲባል እየሰማ ቀብር እስኪደርስ እቤቱ አይቀመጥም። ከዊልስደኑም ከካሌዶኒያን ሮዱም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ባሱን ተሳፍሮ መጣና አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን የንዋይን የካውንስል ኪራይ ቤት ሞላት። ሊፍቱ እንደ ወትሮው ተበላሽቷል። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ በደረጃው ያማርራል፣ ትንፋሹ ሲመለስ ለንዋይ ያለቅሳል።

የንዋይ ሚስት ኂሩት ፍራሹ ላይ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የኩሽናውን መስኮት ታያለች። እንባዋስ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የላትም። ስሙን ጠርታ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ይኼ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይወራ አይታለፍም።

«ምን ነክቷት ነው?» ይባባላሉ በሩ አጠገብ የተቀመጡት።

«ድንጋጤ ነዋ።»

«ፈረንጅ አገር ልብ ያደርቃል እኮ።»

«ቀስ በሉ፣ ትሰማለች።»

ትሰማለች። ሁሉንም ትሰማለች። ግን ረቡዕ ማታ ፖሊሱ በሩን ካንኳኳ ወዲህ ኂሩት የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅዳሜ ይደወላል። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የቅዱስ በርናባስ ቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል። ከሂትለር ጦርነት ጀምሮ ዝም ያለ ማማ ነው። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ በፈረንጁ አራት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ደወሎቹ ሊደወሉ ነው። ስድስተኛዋ የንዋይ ነበረች። ያለ እሱም ቢሆን ጓደኞቹ ይደውላሉ፣ እኔም እዚህ ሆኜ እሰማለሁ ብላ ነው ሌሊቱን የምትገፋው። እዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው የንዋይን ደወል ነገር የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ሰፈር ሦስት የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ቅዱስ በርናባስ፣ ቅድስት ማርያምና ቅዱስ እንድርያስ። ምእመናቸው ሲያንስ ተሰባሰቡና እንደ አንድ ቤተሰብ ሆኑ፤ ሦስቱንም አንድ ቄስ በብስክሌት እየዞረ ያገለግላቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ አዛውንቶችን ምሳ ያበላሉ። በመከር ወቅት ዱባና ድንች መሠዊያው ሥር ከምረው ይዘምራሉ። የአንዱ ጣሪያ ሲያፈስ የሌሎቹ ሁለቱ ምእመናን ኬክ ጋግረው ይሸጣሉ። እንግሊዝ ኬክ ሳይበላ ምንም ነገር አይጠግንም። የቅዱስ በርናባስን ደወሎች ያስጠገኑትም እንዲሁ በኬክ፣ በአሮጌ ልብስ ሽያጭና በእግር ጉዞ ነው።

ንዋይን ከእነሱ ጋር ያገናኘው ረሃቡ ነው። አምና፣ በሰባ ሰባት፣ ያገራችን ሰው ሲረግፍ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት ሾርባና ደረቅ ዳቦ ብቻ የሚቀርብበት ምሳ አዘጋጁ፤ ከምሳቸው የቀነሱትን ወደ ወሎ ሊልኩ። ከመንገዱ ማዶ ኢትዮጵያዊ አለ ተባለና «እባክህ መጥተህ አንድ ሁለት ቃል ተናገርልን» አሉት። ንዋይ ደሴ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ንግግር አይፈራም። ያን ቀን ግን ተነሥቶ ሲቆም፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው የሚጠብቁትን ሰዎች ሲያይ፣ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ትዝ አሉትና አፉ ተሳሰረ። ቆሞ ቀረ። ያዳነችው ዶሮቲ ናት። ዶሮቲ ጡረታ የወጣች የባስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ነገር የማታንዛዛ። ተነሥታ እጁን ያዘችና «ና፣ ደወሎቻችንን ላሳይህ» ብላ ከአዳራሹ አወጣችው። ጠመዝማዛውን የማማ ደረጃ ወጥተው ሲወርዱ ንዋይ የደወል ተማሪ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ አልቀረም። የራሳቸው ደወሎች እስኪጠገኑ ዊልስደን ያለ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ማማ ተውሰው ነበር የሚለማመዱት። ሐበሻው ሁሉ ማታ እንግሊዝኛ የሚማር ይመስለው ነበር። ንዋይም እንዲመስለው ተወ። «ንዋይ ከፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ገመድ ይጎትታል» ቢባል እስከ ፋሲካ የሚሳቅበት መሆኑን ያውቃል። ሃይማኖቱን ለወጠ የሚልም አይጠፋም።

በፈረንጁ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። አልታየሽ አነሣችው፤ አዳመጠች፤ ከዚያ መናገሪያውን በእጇ ሸፍና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ፈረንጅ ናት። ለቅሶ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይመቻችኋል ትላለች።»

ሰዉ ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ለለቅሶም ቀጠሮ ጀመሩ?» አለ ዓለምሰገድ። ዓለምሰገድ ሚኒካብ የሚሉት ታክሲ ነጂ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ሥራውን ትቶ ሐዘንተኛ ያመላልሳል።

«አሁኑኑ ነይ በያት» አለች ኂሩት።

ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበርና ሁሉም ዞሮ አያት።

ለካ ዶሮቲ የደወለችው ከሕንፃው ሥር ካለው የሕዝብ ስልክ ኖሯል። ሐሙስም ዓርብም እዚያው ድረስ መጥታ፣ መስኮቱን አንጋጣ አይታ፣ ቤተሰቡን አላስቸግር ብላ ተመልሳለች። እንግሊዝ እንዲህ ነው። ሐዘን ሲያይ ይርቃል፤ እኛ እንከባለን። ሁለታችንም አክብሮት ነው የምንለው።

የኬክ ቆርቆሮዋን ታቅፋ፣ ከደረጃው የተነሣ ፊቷ ቀልቶ ገባች። አንድ ዘመድ ወይም ሁለት አገኛለሁ ብላ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወንበሮቹን አወቀቻቸው። ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም «ቅዱስ በርናባስ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሻይ ማፍያውም ከአዳራሹ የመጣ ነው። አልታየሽ ኬኩን ተቀበለቻት፣ አንዱ ቦታ ለቀቀላት። ዶሮቲ ግን አልተቀመጠችም። ሄዳ ኂሩት ፊት ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ቋ ሲል ተሰማ።

«ባልሽን እንወደው ነበር» አለች። «ስለ ዛሬው ምንም አታስቢ። ያላችሁት ትክክል ነው፤ ሰርዘነዋል። የበዓላችን ሰልፍ እንደታሰበው ይሄዳል፤ ደወል ግን አይኖርም።»

ኂሩት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ዓመታት አስቆጥራለች፤ እንግሊዝኛው አይጠፋትም። የሰማችውን ማመን ግን አቃታት።

«ማነው ያለው?» አለች።

ዶሮቲ ግራ ተጋብታ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ወዳየቻቸው ወደ ጋሽ ሳህሉ ተመለከተች።

ጋሽ ሳህሉ በጃንሆይ ጊዜ ዳኛ ነበሩ። የለንደን ዕድራችንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲሞት ሁሉን የሚያደራጁትም እሳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አሉ ረጋ ብለው። «ሐሙስ ከዓለምሰገድ ጋር ወንበር ልንዋስ ስንሄድ፣ አዳራሹ ውስጥ ባንዲራ እየሰቀሉ አገኘናቸው። ቅዳሜ የሦስቱ ቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፣ ደወል እንደውላለን አሉን። ባሏ በሞተባት ሴት መስኮት ሥር? ሐዘንተኛዋ አትወድም ብዬ ለቄሱ አስረዳሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ሳይከራከር እሺ አለ።»

ከልባቸው ነው። እንዲያውም ትመርቀኛለች ብለው ነበር።

ኂሩት ከፍራሹ ተነሣች። ባሏ የሞተባት ሴት ሰው ሳይደግፋት ብድግ ስትል ሴቶቹ ተደናገጡ፤ አልታየሽ ክንዷን ልትይዝ ቀረበች።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ስድስተኛዋን ደወል የሚደውለው ማን እንደነበር ያውቃሉ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ንዋይ ነበር።»

ቤቱ ውስጥ ማንኪያ የሚያማስል ሁሉ አቆመ። ኂሩት ማክሰኞ ማክሰኞ የት ይሄድ እንደነበር ተናገረች። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሳህሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ፣ መልሰው አዞሩ። ዳኛ ግን ፍርዱን ቶሎ አይለቅም።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ደዋዩ ግን ሞቷል። ደወል የደስታ ነው ልጄ። ለሐዘን የሚሻለው ዝምታ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ኂሩትን ያንገበገባት።

ንዋይ እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አምስት ብርጭቆ ይደረድር ነበር። ውኃውን አንዱ ላይ ከፍ፣ አንዱ ላይ ዝቅ አድርጎ ይሞላና ማንኪያ ለኂሩት ይሰጣታል። «አምስቱን አንቺ ምቺ። ስድስተኛውን ለእኔ ተይልኝ» ይላታል። እሷ ከቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራሙ አምስቱን ትመታለች፤ እሱ በመዳፉ ጠረጴዛውን ዱም ያደርጋል። ከዚያ «ሁለትና ሦስት» ሲል ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «አራትና አምስት» ሲል እነሱ። አምስቱ እንዲህ ሲዘዋወሩ ትልቋ ደወል ካለችበት ንቅንቅ አትልም። «ሁሉም ብለው ብለው ሲጨርሱ እሷ ትዘጋለች» ይላል። «ዞረው ዞረው ወደ መጀመሪያው ተራ ሲመለሱ አለቀ ማለት ነው።» ኂሩት መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። በኋላ ግን እሑድ እስኪደርስ የምትናፍቀው እሷ ሆነች።

አንድ እሑድ «ለምን ትንሿን አትይዝም?» አለችው። «አንተ ቀጭን፣ ደወሏ በሬ ታክላለች።»

ያን ቀን ስለ ወንድሙ ነገራት። ጌታነህ ይባላል። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ገድለው አስፋልት ላይ ጣሉት። ቀበሌዎቹ እናቱ በር ላይ መጥተው «ማልቀስ ክልክል ነው፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነው» አሏት። እናትየው በሯን ዘጋች። ሙቀጫዋን አወጣች፣ ምንም ሳትጨምርበት ዘነዘናዋን አነሣችና ባዶውን ወቀጠች። እስኪመሽ ወቀጠች። ደረቷን መምታት ቢከለክሏት ሙቀጫውን መታች። በበሯ የሚያልፉት ጠባቂዎች በርበሬ የምትወቅጥ መስሏቸው አለፉ። ንዋይ ያን ጊዜ ጓዳ ተደብቆ ይሰማ ነበር።

«ዊልስደን መጀመሪያ ቀን ትልቋን ስጎትታት የእናቴን ሙቀጫ ነው የሰማሁት» አላት። «ይኼኛው ግን አራት መንገድ አልፎ ይሰማል። ከልካይም የለው።»

ኂሩት ይኼን ሁሉ እዚያው ቆማ ተናገረች፤ የጌታነህን ስም፣ የሙቀጫውን ነገር።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ለጌታነህ ዝም ተብሏል። ለንዋይ ግን ዝም አይባልም።»

እዚያ ቤት ውስጥ ሳያለቅስለት የቀበረው፣ ወይም ጭራሽ ያልቀበረው ሰው የሌለው አልነበረም። አልታየሽ ሁለት ወንድሞቿን እንዲህ አጥታለች። ጋሽ ሳህሉ ደግሞ የእህታቸውን ልጅ። ሽማግሌው ቀና ብለው ኂሩትን አዩና ዐይናቸውን መለሱ።

ኂሩት ወደ ዶሮቲ ዞረች። «ደውሉ» አለቻት በእንግሊዝኛ። «እባካችሁ፣ ደውሉ።»

ዶሮቲ የአማርኛውን ንግግር አንድ ቃል ሳትሰማ ሁሉም የገባት ይመስል ነበር። ሰዓቷን አየች። «እሱ ከሌለ አምስት ነን የቀረነው» አለች። «አራቱም ተበትነዋል። ስድስተኛዋን ሊይዝ የሚችል ሰው በሦስቱም ቤተ ክርስቲያን የለም።»

«ቦታዋን ተዉላት።»

«እንዴት?»

«አምስታችሁ ደውሉ። የእሱ ተራ ሲደርስ ዝም በሉና ቀጥሉ።»

ዶሮቲ ጣቶቿን ጭኗ ላይ መታ መታ አደረገች፤ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ እጇን አየር ላይ ያዘች። «ይሆናል» አለች። «ከባድ ነው፤ ግን ይሆናል።» ቀጥላ ለጋሽ ሳህሉ እጇን እያወናጨፈች አስረዳቻቸው። ለሐዘን ሲሆን የደወሉ ምላስ አንድ ጎን ቆዳ ይታሰርበታል። አንዱ ዙር ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቀጣዩ ደብዘዝ ብሎ፣ ከሩቅ የመጣ መስሎ።

ኂሩት ለሰዉ ተረጎመች።

«በቃ ነጠላ ማዘቅዘቅ ነዋ» አለች አልታየሽ። «ደወላቸውም ያዘቀዝቃል።»

ጋሽ ሳህሉ ተነሡ። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«ዓለምሰገድ፣ መኪናህ የት ናት?»

«እታች ናት ጋሼ።»

«እንሂድ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን የማነሣውም እኔ ነኝ።»

ለአራት ሰዓት የቀረው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለምሰገድ እየደጋገመ ያወራዋል፤ በየጊዜውም ትንሽ ይጨምርበታል። ዶሮቲ ከፊት ተቀመጠች፣ ጋሽ ሳህሉ ከኋላ። ያች ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በለንደን ባስ ላይ ስትዞር ኖራ የማታውቀው ቅያስ የለም። «ቀኝ። አሁን ግራ። ይኼን መብራት ተወው፣ በጀርባ ግባ» እያለች ነዳችው። መጀመሪያ ዊልስደን ሄዱ። አንደኛው ደዋይ፣ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ከነቦት ጫማው ቲማቲም ውኃ ሲያጠጣ አገኙትና ባልዲውን ሳያስቀምጥ መኪና ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ካሌዶኒያን ሮድ፤ ሁለቱ እህትማማች ደዋዮች ሻይ ቤት ተቀምጠው እንቁላላቸው ገና መቅረቡ ነበር። «ለንዋይ ነው» አለቻቸው ዶሮቲ፤ ሹካቸውን ጥለው ተነሡ። ጋሽ ሳህሉ በሁለቱ መካከል ተጣብቀው፣ የፖስተኛውን ባልዲ ጭናቸው ላይ ታቅፈው ተጓዙ። ለተከበረ ዳኛ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

የሦስቱን አብያተ ክርስቲያናት ሰልፍ መንገድ ላይ አገኙት። መስቀል ከፊት፣ ሕፃናት አበባ ይዘው፣ ከኋላ ጡሩምባ የሚነፋ ቡድን፤ አምስተኛው ደዋይ፣ አንድ መምህር፣ መዝሙር እየመራ። ዓለምሰገድ መኪናዋን አቋርጦ አቆማት። ጋሽ ሳህሉ ባልዲውን አስቀመጡና ወረዱ። መንገዱ መካከል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አባ» አሉት ቄሱን፣ «ሐሙስ በሐዘንተኛዋ ስም የተናገርኩት የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይደወል።»

ቄሱ የብስክሌት ሰንሰለት ያጠቆረውን እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸውና መምህሩን ወደ መኪናዋ ገፋ አደረገው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ያለው ሰው ሁሉ ኩሽና ገብቷል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ መስኮቱን ከቦታል። ፍራሹ ባዶውን ቀርቷል፤ የሠልስት ክርክር ተረስቷል። ኂሩት ከፊት ናት፣ መዳፏ መስታወቱ ላይ። አራት ሰዓት ሞላ። ማማው ዝም አለ። ዛሬ ካልተደወለ ከእንግዲህ መቼም ለንዋይ አይደወልም፤ ቀብሩም እንደ ወንድሙ ዝም ብሎ የሚያልፍ መሰላት።

«አልደረሱም» አለ አንዱ ከኋላ።

«አፍህን ያዝ» አለች አልታየሽ።

ትንሽ ቆይቶ የዓለምሰገድ መኪና በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። የእግረኛው መንገድ ላይ ግማሽ ጎማዋን ሰቅላ ቆመች። ከውስጧ ሰው ተራ በተራ ይወጣ ጀመር፤ ሰባት ሰው። እዚህ ከላይ ማን እንደሆነ ባይታወቅም ባርኔጣውን ይዞ ከኋላ የሚሮጠውን ሽማግሌ ሁሉም አወቁት። ሮጠው ማማው ውስጥ ገቡ። ሰልፈኛውም ደርሶ ጡሩምባውን አውርዶ ቆመ።

እንደገና ዝምታ። «ቆዳውን እያሰሩ ነው» አለች ኂሩት፤ ለራሷ ይሁን ለሰው አይታወቅም።

ከዚያ ተደወለ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ባዶ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ባዶ። የመጀመሪያው ዙር መስታወቱን አንቀጠቀጠው፤ ሁለተኛው ከተራራ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከየፎቁ ጎረቤቶች ወጥተው በረንዳቸው ላይ ቆሙ። ኂሩት ደስ አላት። ባሏ ሞቶ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ደስታው ጉሮሯ ድረስ ሞላ። አላፈረችበትም።

«ያቺ ባዶዋ የሱ ናት?» አለች አልታየሽ በሹክሹክታ።

«የሱ ናት።»

ደወሎቹ ቦታ ይለዋወጡ ጀመር። ሁለትና ሦስት። አራትና አምስት። አምስቱ ሲዘዋወሩ ባዶዋ ቦታ ግን መጨረሻ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰዉ መጀመሪያ እዚያች ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ቀጥሎ፣ ማንም ሳያዛት፣ የአልታየሽ እጅ ተነሥቶ ደረቷ ላይ ወደቀ። ዱም። ልክ በቦታዋ። በሚቀጥለው ዙር ከጎኗ ያለችው መታች። ከዚያ ሁሉም። አምስት ከማዶ፣ አንድ ከዚህ። አምስት ከማዶ፣ አንድ ከዚህ። «ንዋይ» ይላሉ በመሐሉ፤ አንዳንዱ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ያላለቀሱለትን። የሻይ ብርጭቆዎቹ ማጠቢያው ላይ ይንቀጫቀጫሉ።

ማማው ውስጥም እንዲሁ ነበር። ዓለምሰገድ ሮጦ ስለገባ በዐይኑ አይቷል። የስድስተኛዋ ገመድ ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ጋሽ ሳህሉ ከሥሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባዶዋ ቦታ በደረሰች ቁጥር ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደረታቸውን ይመታሉ።

ኂሩት ብቻ አልመታችም። የግራ እጇ ጣቶች የመስኮቱ ደፍ ላይ አምስቱን ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ስድስተኛውን ትተዋለች፤ እንደለመደችው። አንዲቷ ሴት «ምቺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ብላ ትከሻዋን ነካቻት። አልሰማቻትም። እያዳመጠች ነው። ሁለትና ሦስት ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አራትና አምስት ቀሩ፤ እነሱም ተመለሱ።

«አለቀ» አለች። ዞር ብላ አልታየሽን አየቻት።

አልታየሽ የፊቷን ነገር አይታ ገባት። እጇን ከደረቷ አወረደች፣ ክንዶቿን ዘርግታ ከኋላ ያሉትን ያዘች። ኩሽናው ጸጥ አለ።

ከማዶ የመጨረሻው ዙር መጣ፤ ደብዛዛው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ኂሩት እጇን አነሣችና ደረቷን መታች።